የሥራ ስልክና የኢሜይል ደህንነት

የሥራ ስልክና የኢሜይል ደህንነት የመሥሪያ ቤት ወይም የንግድ ደብዳቤ፣ ሰነድና የደንበኞች መረጃ የሚገኝበትን ተንቀሳቃሽ ስልክና የኢሜይል መተግበሪያ ከስርቆት፣ ከጠለፋና ከመጥፋት የመጠበቅ አሠራር ነው። በኢትዮጵያ ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም.፣ ሞባይል ደግሞ በ1991 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመሩ፤ በአንድ መሣሪያ የተገናኙት ግን ዘመናዊ ስልኮች ሲስፋፉ ነው። በሐረር ጁገል ውስጥ እንደሚገኘው ፈረስ መጋላ ባሉ የገበያ ሰፈሮች አንድ ስልክ ለቤትም ለሱቅም፣ ለኢሜይልም ለቴሌብር የሞባይል ክፍያም ሲያገለግል ጥበቃው ይወሳሰባል።

መሠረታዊ ጥንቃቄዎቹ የስክሪን ቁልፍ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ወቅታዊ ዝማኔና የጠፋ ስልክን ይዘት ከርቀት መሰረዝ ናቸው። ስልክ ሲሸጥ ወይም ለጥገና ሲሰጥ ከኢሜይል አካውንት መውጣትም ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ሲም ካርዱ ነው፦ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ኮድ በአጭር መልእክት ስለሚላክ፣ ሲሙን ያገኘ ሰው የተቆለፈውን ስልክ ሳይከፍት ሲሙን በሌላ ስልክ አስገብቶ ወደ ኢሜይሉ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሲሙን በፒን መቆለፍና ሲጠፋ ወዲያውኑ ማዘጋት (በኢትዮ ቴሌኮም 994) ይቀድማል።

ሕገ ወጥ ጠለፋ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ የደንበኞችን መረጃ አያያዝ የሚገዛው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው።