እረኛው ምን አለ? ደዋዩስ የማን ልጅ ነው?

ድሮ ነገሥታቱ የሕዝቡን ልብ ማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛ ሹመት አይፈልግ፣ ሹም አይፈራ፤ የሰማውንም የታዘበውንም ሜዳ ላይ ያንጎራጉራል። እስቲ ግን አንድ ብልጥ ባለሟል እናስብ። ግጥሙን ራሱ ገጥሞ ለእረኞቹ ያስጠናና፣ ሲያዜሙት ጠብቆ «ጃንሆይ፣ ሕዝቡ እንዲህ እያለ ነው» ይላል። የጠየቀ መስሎ የነገረ፣ የሰማ መስሎ ያሰማ ሰው ማለት ይኼ ነው።

በዘመናችን የባለሟሉን ሥራ የያዘው ስልክ ነው። ፈረንጆቹ «ፑሽ ፖል» ይሉታል፤ እኛ «የመርዝ መጠይቅ» እንበለው። አንድ ሰው ይደውልና ጥናት እያካሄደ መሆኑን ይነግራችኋል። ከዚያ «ዕጩ እከሌ የሕዝብ ገንዘብ በልቷል ቢባል ይመርጡታል?» ይላል። በላ አላለም፣ «ቢባል» ነው ያለው። ስልኩ ሲዘጋ ግን ጆሯችሁ ውስጥ የቀረው «በላ» የሚለው ነው።

ከእውነተኛው መጠይቅ መለየቱ ያን ያህል አይከብድም። እውነተኛ አጥኚ ጥቂት ሰዎችን መርጦ ብዙ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ዕድሜና ትምህርት ይመዘግባል፣ መልሱን ይደምራል። አፍሮባሮሜትር አገራችን ውስጥ ሲያጠና 2,400 ያህል ሰዎችን ፊት ለፊት አነጋግሮ ነው። ባለ መርዙ ግን በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ይደውላል፤ አንድ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ መልሳችሁን አይጽፍም። ምን ያደርግለታል? የመጣው ሊያደርስ እንጂ ሊወስድ አይደለም።

በጣም የታወቀው ታሪክ የአሜሪካው ነው። በፈረንጆቹ 2000 ጆን ማኬይን ኒው ሃምፕሻየር ላይ ጆርጅ ቡሽን በሰፊ ልዩነት አሸንፎ ወደ ሳውዝ ካሮላይና ገባ። እዚያ «ማኬይን ከጋብቻ ውጭ ጥቁር ልጅ ወልዷል ቢባል ይመርጡታል?» የሚል የስልክ ጥያቄ መሰራጨቱ ተወራ። ሰውየው ከባንግላዴሽ ያመጣትን ልጅ በማደጎ ያሳድግ ነበር። ተሸነፈ። የቡሽ ሰዎች እጃችን የለበትም አሉ፤ ማን እንደደወለም እስከ ዛሬ በማስረጃ አልተረጋገጠም። የነገሩ ክፋትም እዚህ ላይ ነው፤ ሐሜቱ ጆሮ ውስጥ ይቀራል፣ አፉ ግን አይገኝም።

ኒው ሃምፕሻየር ለዚህ ያወጣችው ሕግ ደዋዩ ለየትኛው ዕጩ ወይም በየትኛው ዕጩ ላይ እንደሚደውል እንዲናገር ያስገድዳል። ሕጉም እንከን አልታጣበትም። ክርክራቸውን ለመፈተን የሚጠይቁ እውነተኛ አጥኚዎች ተጠልፈውበት ትርጉሙን ማጥበብ ግድ ሆኗል። በካናዳ ደግሞ በ2011ዱ ምርጫ ጌልፍ በሚባል ከተማ ለብዙ ሺህ መራጮች «የምርጫ ጣቢያችሁ ተቀይሯል» የሚል የተቀዳ ድምፅ ተደወለ። ውሸት ነበር። በ2014 አንድ የምርጫ ዘመቻ ሠራተኛ ታሠረበት፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሕግም በምርጫ ሰሞን በብዛት የሚያስደውል ሁሉ እንዲመዘገብ አዘዘ።

እኛስ? ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ነው። በ1997ቱ ምርጫ ገና የከተማ ሰው ዕቃ ቢሆንም የጽሑፍ መልዕክቱ ሥራውን ሠርቷል። ቅንጅት ደጋፊ ይቀሰቅስበታል፣ ወጣቱ ቀልድ ይለዋወጥበታል፣ ወሬውም እውነቱም በአንድ መንገድ ይጓዛል። ግንቦት 7 ድምፅ ተሰጠ፤ የዚያኑ ዕለት ማታ በአዲስ አበባ ለአንድ ወር ሰልፍ ተከለከለ። በሰኔው ተኩስ ሰሞን የጽሑፍ መልዕክት ተዘጋ። የሰኔውንና የ1998ቱን ግጭት ያጣራው ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ደርሶበታል። መልዕክቱ የተመለሰልን ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ በሚሌኒየሙ ሰሞን ነው። እስከዚያ «እንኳን አደረሰህ» ለማለት እንኳ መደወል ነበረብን።

ልዩነቱን ልብ በሉልን። ካናዳ «ደዋዩ ማነው?» ብላ ጠየቀች። እኛ ግን ሽቦውን ቆረጥን። ሽቦው ሲቆረጥ ወሬኛውም እውነተኛውም አብረው ጸጥ ይላሉ፤ ጸጥታው ግን የሚጠቅመው ጮክ ብሎ የሚናገርበት ሌላ መንገድ ላለው ነው።

አሁን ወደ ማንኩሽ እንሂድ። ማንኩሽ የጉባ ወረዳ ከተማ ናት፤ የሕዳሴው ግድብ ያለባት ጉባ። ወረዳዋ ያለችበት የመተከል ዞን ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ አገው፣ አማራና ኦሮሞ አብረው የሚኖሩበት ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 በዚሁ ዞን፣ ቡለን ወረዳ በኩጂ ላይ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን ኢሰመኮ አሳውቋል። ሰኔ 14 ቀን 2013 አገሩ ሲመርጥ በመተከል ብዙ የምርጫ ክልሎች ምርጫ አልተካሄደም፤ በክልሉ የቀረው ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 16 ቀን 2016 ነው።

እዚህ አገር ላይ አንድ የማይታወቅ ቁጥር ደውሎ «እነ እከሌ ሲያሸንፉ መሬታችሁን ለመጤ ይሰጣሉ ቢባል ምን ይሰማዎታል?» ብሎ ቢጠይቅስ? ማኬይን ያጣው ምርጫ ነው። እዚህ የሚጠፋው ሌላ ነው።

ሕጋችን ይህን ይይዘዋል? የ2012ቱ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ቁጥር 1185፣ ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ውሸት የሆነን፣ ተናጋሪው ውሸትነቱን የሚያውቀውን ወይም ሊያውቀው የሚገባውን፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉም ከፍ ያለን ንግግር ነው። ጥያቄ ግን ውሸት ነው ወይ? «ቢባል» ብሎ የጠየቀ ሰው «እኔ መቼ አልኩ?» ማለት ይችላል። ሁከት ሳያስነሳ ድምፅ ብቻ የሚሰርቅ ሐሜትማ ጭራሽ ያመልጣል። የምርጫው አዋጅ 1162/2011 ከድምፅ መስጫው በፊት ባሉት 4 ቀናት ቅስቀሳ ይከለክላል። መጠይቅ ለብሶ የመጣ ቅስቀሳ ግን «እኔ አጥኚ ነኝ» ይላል።

ጥያቄን መከልከል መፍትሔ አይመስለንም። መጠየቅን የሚያስፈራ ሕግ መጀመሪያ የሚይዘው እውነተኛውን አጥኚና ጋዜጠኛውን መሆኑን ከማንም በላይ እናውቃለን። የሚበቃን ትንሽ ነው፦ በብዛት የሚያስደውል ስሙን ይናገር፣ የከፈለውን ይናገር፣ የሚያነበውን ጽሑፍ አስቀድሞ ምርጫ ቦርድ ዘንድ ያስቀምጥ፣ በጸጥታው 4 ቀናት ስልኩን ያስቀምጥ።

ይህ ደግሞ ከካናዳ የሚመጣ ትምህርት ብቻ አይደለም። በገጠራችን የማያውቁት ወጣት ደጅ ላይ ቆሞ ጥያቄ ሲጀምር እናቶቻችን ከመመለሳቸው በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፦

«የማን ልጅ ነህ?»