ከካልሲ የተሠራችው ቀጭኔ

ከወሎ ሰፈር ወደ መስቀል አደባባይ ለሚሄድ ሰው መንገዱ ሩቅ አይደለም። ኦሎምፒያን አልፎ፣ ደምበልንና ፍላሚንጎን ሲጨርስ አደባባዩ ፊት ለፊቱ ይገለጣል። በገና፣ በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ሰሞን ብዙ የቂርቆስ ቤተሰብ ለዓመታት ይህን መንገድ የተመላለሰው ኤግዚቢሽን ማዕከል የሚዘጋጀውን ባዛር ለማየት ነው። እናት ወደ ድስቱ፣ አባት ወደ ሶፋው ሲያዩ ልጆች እጅ ይዘው የሚጎትቱት ወደ መጫወቻው ድንኳን ነበር። የስፓይደርማን ጭምብል፣ ብልጭ ድርግም የሚል ሰይፍ፣ ፀጉረ ረጅም አሻንጉሊት፣ በባትሪ የሚሄድ መኪና። በዚያ ሁሉ መሃል ከእኛ ተረት ወይም ከእኛ ፊልም የወጣ መጫወቻ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነበር።

በውጭው ዓለም እንዲህ ያለው ዕቃ ራሱን የቻለ በዓል አለው። ከሁሉም ስመ ጥር የሆነው የሳን ዲዬጎ ኮሚክ ኮን እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጀመር በአንድ ሆቴል ምድር ቤት የተሰበሰበው ሰው 300 ያህል ነበር፤ ዛሬ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ይጎርፍበታል። በየዐውደ ርዕዩ ከፊልም የተረፈ ልብስና አሻንጉሊት በመስታወት ውስጥ ይቀመጣል። አንዱን ታሪክ ልንገራችሁ። «ስታር ዋርስ» እ.ኤ.አ. በ1977 ሲወጣ ኬነር የተባለው አሻንጉሊት አምራች ለገና የሚደርሱ የፊልሙ አሻንጉሊቶች አልነበሩትም። ስለዚህ በበዓሉ በአሻንጉሊቶቹ ፈንታ ካርቶን ሸጠ፤ ውስጡ አሻንጉሊቶቹ በቀጣዩ ዓመት በፖስታ እንደሚላኩ የሚያረጋግጥ ወረቀት አለው። ያ ካርቶን ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ዕቃ ነው። ካርቶኑን ውድ ያደረገው አንድ ሰው ሳይጥለው ማስቀመጡ ነው። እኛ ያጣነው ይህንን ይመስለኛል፤ የሚቀመጥ ነገርማ ሞልቶናል።

ተንቀሳቃሽ ምስል አዲስ አበባ የገባው ገና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ሕዝቡ የመጀመሪያውን የፊልም ማሳያ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው ብዙዎች ያውቃሉ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን 1957 ዓ.ም ነው። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» ወጣ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ፤ ተስፋዬ ሣህሉም በልጆች ፕሮግራም ብቅ ብለው አባባ ተስፋዬ ሆኑ። ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን መድረክ ላይ ሴት ሆነው የተጫወቱ፣ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ድረስ ሄደው ወታደሩን ያዝናኑ ሰው ናቸው። ተረት ይነግራሉ፣ ምትሃት ያሳያሉ፣ ድምፃቸውን እየለዋወጡ አንበሳም ጦጣም ይሆናሉ። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በየሰፈሩ አንድ ሁለት በሆነበት ጊዜ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ ያያቸው ነበር። ከ40 ዓመት በላይ በዚያ ወንበር ቆይተው ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም ዐረፉ። አንድ ሕፃን በእጁ የሚይዘው፣ የእሳቸውን መልክ የያዘ አሻንጉሊት ግን ገበያ ላይ አላየሁም። ይህ ያሳዝነኛል። ሌላ አገር ቢሆኑ ኖሮ ሁለት ትውልድ ያሳደጉ ሰው አሻንጉሊታቸው በየቤቱ ይገባ ነበር።

የኛ ልጅ መጫወቻውን የሠራው ራሱ ነው። የሽቦ መኪናን በደንብ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። አካሉ ከተጣመመ ሽቦ ይበጃል፤ ጎማው ቆርኪ ወይም ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ተቆርጦ የወጣ ክብ ነው። ልጁ ቆሞ እንዲነዳው ረጅም ሽቦ ከፊት አክስል ተነሥቶ ወገቡ ድረስ ይመጣል፣ ጫፉ ላይ መሪ ይታጠፍለታል። መሪው ሲዞር ጎማው በእውነት ይዞራል። ኳሱ ደግሞ ካልሲ ነው፤ ውስጡ ጨርቅና ፌስታል ተጠቅጥቆ፣ አፉ ተሰፍቶ። እነዚህ ዕቃዎች እስኪያልቁ ይጫወቱባቸዋል እንጂ አይቀመጡም።

ከዚያው ካልሲ ነው ጸሐይ የተወለደችው። አስተማሪ የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ሳሎናቸውን ስቱዲዮ አድርገው፣ ከካልሲ የሠሯትን ቀጭኔ «ጸሐይ መማር ትወዳለች» ብለው በ1999 ዓ.ም መግቢያ ላይ ወደ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አመጧት። የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ትጠይቃለች፣ ትሳሳታለች፣ እጇን መታጠብ ትማራለች። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን ሽልማት ውድድር ተሸለመች። ትልልቅ የአሻንጉሊት ኩባንያዎች በሚሊዮኖች ዶላር በሚሠሩበት ዓለም በእጅ የተሰፋች ካልሲ ይህን ማድረጓ የሚያኮራ ነው። የመጀመሪያዋ ጸሐይ በመስታወት ውስጥ ሆና የአዲስ አበባ ልጆች ተሰልፈው ሊያዩአት የሚገባ ቅርስ ናት ብዬ አምናለሁ።

በውጭ ላሉ ወገኖቻችን ነገሩ ቀድሞ ገብቷቸዋል። ኒውዮርክ ላይ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ያቋቋሙት ኢቲዶልስ የተባለ ድርጅት ንግሥት ማክዳን የሰብሳቢዎች አሻንጉሊት አድርጎ ከታሪኳ መጽሐፍ ጋር አወጣት። በሥራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ። ጀግናው አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ አማኑኤል የሚባል ወጣት ነው። ሲቪ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ ሁሉ ራሱን ያገኝበታል። «ሀዊ» የተባለችው ሴት ጀግና ተከትላው መጣች፤ የኅትመቷን ወጪ አንባቢዎች በኢንተርኔት አዋጥተው ሸፈኑ። እኛም አንድ ቀን ለምናዘጋጀው የመጀመሪያ ዐውደ ርዕይ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ቸኩዬ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 ዓ.ም ከካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ነዋሪዎች ለኮሪደር ልማት ተነሥተዋል። ካዛንቺስ ደግሞ የቪዲዮ ቤት ሰፈር ነበር። በቆርቆሮ የታጠረ ክፍል፣ ረጅም አግዳሚ፣ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ የፊልም ስምና ሰዓት፤ ውስጥ ሕንድና ካራቴ፣ «አክተሩ አይሞትም» እያለ የሚጮህ የልጅ መንጋ። ቤት ሲፈርስ አስቀድሞ የሚጣለው ዋጋ የሌለው የሚመስለው ነው፦ የካሴት ሽፋን፣ የተቀደደ ፖስተር፣ የአክተር ፎቶ የተለጠፈበት ደብተር። በ2006 ዓ.ም የተጀመረው የጉማ ፊልም ሽልማት ስሙን የወሰደው ሚሼል ፓፓታኪስ ካዘጋጀው «ጉማ» ፊልም ነው፤ ስሙ እንዲህ ከተከበረ ዕቃውም ይከበር። ፖስተሩን፣ ካሴቱን፣ የሽቦ መኪናውን ያላችሁ ዓመተ ምሕረቱንና የባለቤቱን ስም ጀርባው ላይ ጻፉበት። የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት የተጻፈውን እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ለእነዚህም አንድ ክፍል ይከፈትላቸው፤ ባዛር የሚያዘጋጁ ነጋዴዎችም በሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ከድንኳኖቻቸው አንዱን ለጸሐይ፣ ለጀምበርና ለአባባ ተስፋዬ ይስጡልን።