ሁለት ባትሪ በአንድ ብስክሌት
ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1895 የኤሌክትሪክ ብስክሌት የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሲያገኝ፣ በንድፉ ላይ የሚታየው በብስክሌቱ አካል መካከል የተንጠለጠለ አንድ ባትሪ ብቻ ነበር። ሁለተኛ ባትሪ መጨመር በእርግጥ የተመቸው ሶኒ በ1991 ለገበያ ያቀረበው ሊቲየም-አዮን፣ ማለትም በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል የሚያከማች ባትሪ፣ ከተስፋፋ በኋላ ነው።

ልማዱ ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች አንዷ ኒው ዮርክ ናት፤ በዚያ ምግብ የሚያደርሱ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ስደተኞች፣ አንድ ባትሪ ለረጅሙ የሥራ ቀን ስለማይበቃቸው ትርፍ ይዘው ይዞራሉ። እያፈራረቁ መጠቀሙ ያን ያህል አያሰጋም፤ የሚያሰጋው ሁለቱን በትይዩ፣ ማለትም አዎንታዊውን ጫፍ ከአዎንታዊው፣ አሉታዊውን ከአሉታዊው ጋር፣ ያለ መቆጣጠሪያ ማገናኘት ነው። ባለ 36 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 42፣ ሲያልቅ ደግሞ 30 ቮልት ገደማ ስለሚሆን፣ ሙሉው ከባዶው ጋር በተገናኘ ቅጽበት በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ሊጎርፍ፣ በጥቂት አምፔር እንዲሞሉ የተሠሩትን የባትሪውን ሴሎች ሊያግልና ሊያቀጣጥል ይችላል። ቦሽን የመሰሉ አምራቾች ሁለቱን በየተራ የሚያሠራ ኤሌክትሮኒክስ ያበጁትም ለዚህ ነው፤ ዋጋው ግን ከአድራሹ ኪስ በላይ ነው።

በ2023 በከተማዋ የሊቲየም-አዮን ባትሪዎች ያስነሡት ቃጠሎ፣ ሁሉም ከጥንድ ባትሪ የመጣ ባይሆንም፣ 18 ሰዎችን ገደለ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ሥራ ላይ የዋለው ሕግ የደኅንነት ፍተሻ ያላለፈ ባትሪ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ ተጠያቂነቱን በአድራሹ ሳይሆን በሻጩ ላይ መጣሉም ተገቢ ነበር።