«እም»፣ «እናት»ና «እምዬ»

የቋንቋዎችን ዝምድና ለማስረዳት የሚነሡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከእናት ስም ይጀምራሉ፡፡ በግዕዝ «እም»፣ በዕብራይስጥ «ኤም»፣ በዐረብኛ «ኡም»፣ በጥንታዊው አካድኛ «ኡሙ» መባሉን ይደረድሩና ነገሩ ተፈጸመ ይላሉ፡፡ ዝምድናው እውነት ነው፤ ማስረጃው ግን ደካማ ይመስለናል፡፡ በዚህ መንገድ ከሄድን ቻይናዊውም እናቱን «ማ» ብሎ ስለሚጠራ የሥጋ ዘመዳችን ሊሆን ነው!

ምክንያቱን የቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት ገልጦታል፡፡ ጆርጅ መርዶክ ከብዙ ቋንቋዎች የሰበሰባቸው የእናትና የአባት መጠሪያዎች 1,072 ነበሩ፡፡ ከእናት ስሞች 55 በመቶው እንደ «ም»ና «ን» ያለ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ሲኖራቸው፣ ከአባት ስሞች ግን ይህ ያላቸው 15 በመቶው ብቻ ሆነው ተገኙ፡፡ ሕፃን ጡት ይዞ አፉ በተዘጋ ጊዜ ሊያሰማው የሚችለው ድምፅ ይኸው በአፍንጫ የሚወጣው ነውና፡፡ ቢሆንም የማይሻር ሕግ አይደለም፤ በጆርጂያ ቋንቋ «ማማ» አባት፣ «ዴዳ» እናት ነው፡፡ በአገራችንም ኦሮምኛው «ሃዸ»፣ ሶማልኛው «ሆዮ»፣ የግዕዝ የቅርብ ዘመድ የሆነው ትግርኛ እንኳ «አደ» ይላል፡፡

ለዝምድና ምስክር የሚፈልግ ይልቅስ የብዙ ቁጥሩን ይመልከት፡፡ ዕብራይስጥ «ኢማሆት»፣ ዐረብኛ «ኡማሃት» ሲሉ ሁለቱም በነጠላው የሌለ «ሀ» ያስገባሉ፤ ግዕዝ «እማት» ብሎ ያልፈዋል፡፡ እንዲህ ያለው መገጣጠም ከሕፃን አፍ አይመጣም፡፡

በዐማርኛ የዕለት ንግግሩን «እናት» ወርሶታል፡፡ «እም» ግን አልሞተም፤ ወደ ማዕረግ ወጣ እንጂ፡፡ «እመቤት» ስንል የቤት እናት ማለታችን ነው፡፡ የሴቶች ገዳም አለቃ «እመ ምኔት»፣ ድንግል ማርያም «እመ ብርሃን»፣ «እመ አምላክ» ይባላሉ፡፡ ልጅ ሲጣራ ደግሞ «እማ»፣ «እማማ»፣ «እምዬ» ይላል፤ በዚህ ላይ የግዕዙን ውርስ ከሕፃኑ ድምፅ ለይቶ ማውጣት በኛ አስተያየት ከንቱ ድካም ነው፡፡

ለታሪክ ተማሪ ከሁሉ የሚደንቀው ይህ ስም ለወንድ መሰጠቱ ነው፡፡ በ1882 ዓ.ም. ነግሠው በ1906 ዓ.ም. ያረፉት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በፈረስ ስማቸው «አባ ዳኘው» ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን «እምዬ ምኒልክ» አላቸው፡፡ አንድ ሰው አባም እምም ሆነ ማለት ነው፡፡ «አባ ዳኘው» ዳኝነትንና ጦርነትን ያሰማል፤ «እምዬ» የሚለው ማብላትን፣ መታገሥንና ይቅር ማለትን፡፡ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ማዕረግ በማኅተም ላይ ተቀርጾ ስለኖረ ሁሉም ይጠቅሰዋል፡፡ «እምዬ» ማኅተም አልነበረውም፤ ስለዚህም የንጉሡን ስሞች የሚቆጥሩ ጸሐፊዎች እንደ ቁልምጫ ቆጥረው ሲያልፉት እናያለን፡፡ ሕዝቡ ከንጉሥ የሚጠብቀውን በራሱ ቃል የተናገረው ግን በዚህኛው ነው፡፡