ከቁራኛ እስከ ፍርድ አፈጻጸም



በሽተኛ ከሰነበተ «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» እንላለን። ቃሉ የድሮ ሙግት ነው። ቀደም ባለው ዘመን ባለዕዳና ባለገንዘብ ነጠላቸው ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ ወይም እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተቆራኝተው ይውሉ ያድሩ ነበር። ዋስ እስኪገኝ ወይ ዕዳው እስኪከፈል ድረስ አበዳሪውም ያው እስረኛ ነው።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በይበልጥ ወደ ንብረት ዞረ። ንብረትም ቢሆን ሁሉም አይነካም፤ የሙያ መሣሪያ፣ መኝታ፣ የማብሰያ ዕቃና የጡረታ አበል ለፍርድ ዕዳ እንዳይያዝ ከልክሏል። አንቀጽ 384 ደግሞ ፍርዱ ከተሰጠ 10 ዓመት ካለፈ በኋላ የሚቀርብ የአፈጻጸም ማመልከቻ ትእዛዝ እንደማይሰጥበት ይደነግጋል። ማመልከቻው በጊዜው ገብቶ ከሆነ ግን «ወረቀቱ አርጅቷል» ብሎ መተኛት አያዋጣም።

ይህን ማንሣታችን ያለ ነገር አይደለም። የለቅሶ ድንኳን ሳይነሣ አሮጌ የፍርድ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። ሐዘንተኛዋ ደንግጣ አዲስ ወረቀት ብትፈርም፣ አዲስ ፊርማ አዲስ ዕዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የፍርዱን ግልባጭ መጠየቅ፣ ቀኑን ማየት፣ ከመዝገብ ቤት ማጣራት፣ ሕግ አዋቂም ማማከር ነው።

ዕዳ ይካድ አላልንም፤ የሰው ገንዘብ የሰው ነው። የከፈለም ደረሰኙን ያስቀምጥ፤ ለልጆቹም ያሳያቸው።