ብሎንዲና የጓዳዋ ሂሳብ

በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚወጣ «ብሎንዲ» የሚባል ተከታታይ ካርቱን አለ። የጀመረው ቺክ ያንግ ነው፤ እሱ በ1973 ሲሞት ልጁ ዲን ያንግ ቀጠለበት።

መጀመሪያ ላይ ብሎንዲ ጭፈራ የምትወድ ዘናጭ ኮረዳ ነበረች፤ እጮኛዋ ዳግዉድ ደግሞ የባለጸጋ ልጅ። ጊዜው ግን ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነበርና ሥራ ያጣው አንባቢ በሀብታም ልጅ ጨዋታ ብዙም አልሳቀም። በ1933 ሁለቱ ሲጋቡ የዳግዉድ ወላጆች ልጃቸውን ከውርስ ነቀሉት። ካርቱኑን ያዳነው ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳግዉድ ደመወዝ ጠባቂ ሆነ፤ አለቃው ይጮኽበታል፣ ሥራ እንዳይረፍድበት ሲሮጥ ፖስተኛውን ገጭቶ ይጥላል፣ ሌሊት ተነስቶ የተቆለለ ሳንድዊች ይበላል። አንባቢው የራሱን ቤት አየበት።

በሂሳብ ሙያዬ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ብሎንዲ ስታበስል፣ ሁለት ልጆች ስታሳድግና ቤት ስታስተዳድር ኖራ፣ በ1991 ከጎረቤቷ ከቱትሲ ጋር ለድግስ ምግብ አዘጋጅቶ የማቅረብ ሥራ ጀመረች። ሙያው ያው የጓዳ ሙያ ነው፤ አዲሱ ነገር ዋጋ ተተምኖለት ገቢ መባሉ ነው። ከጋብቻዋ እስከዚያ 58 ዓመት አለ።

የቤተሰብ ካርቱን የማይሰለቸው ለዚህ ይመስለኛል፤ ቤቱ ያው ሆኖ ሂሳቡ ከዘመኑ ጋር ይለወጣል። እኛም የወር ሂሳባችንን ስንጽፍ፣ ላልተከፈለበት ድካማችን አንድ መስመር እንተውለት።