የቆላ ዝንብ ወጥመድ መሳቢያ ሽታ አመራረጥና አዘገጃጀት፦ ለአሶሳና ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከብት አርቢዎች

የገንዲ በሽታ በቆላ ዝንብ አማካይነት ከከብት ወደ ከብት የሚተላለፍ የደም ጥገኛ በሽታ ነው። የተያዘው ከብት ይከሳል፣ ደሙ ይቀንሳል፣ ወተቱ ይነጥፋል፤ ላም ታስወርዳለች፤ በሬ በእርሻ ወቅት ቀንበር መሸከም ያቅተዋል። ይህ ጽሑፍ የቆላ ዝንብ ወጥመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚተክሉ አርቢዎችና የአርቢ ቡድኖች የመሳቢያ ሽታን አመራረጥ፣ አዘገጃጀትና አጠቃቀም ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ወጥመድ ለምን አስፈለገ?

በሽታውን በመድኃኒት ብቻ መከላከል አስተማማኝ አይደለም። ዲሚናዚንና አይሶሜታሚዲየም የተባሉት መድኃኒቶች በተደጋጋሚና ከመጠን በታች ሲሰጡ ጥገኛው ይለመዳቸዋል፤ በመተከል አካባቢ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት መድኃኒቶቹን የተቋቋመ ጥገኛ በከብቶች ላይ ተገኝቷል። ስለሆነም አስተላላፊውን ዝንብ መቀነስ የግድ ነው።

ይህም የሚቻል ነው። ሴቷ የቆላ ዝንብ እንደ ሌሎች ዝንቦች በብዛት እንቁላል አትጥልም፤ በ9 ወይም በ10 ቀን ገደማ አንድ እጭ ብቻ ትወልዳለች። በመሆኑም ከሴት ዝንቦች በየቀኑ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆኑትን ያለማቋረጥ ማስወገድ ከተቻለ ቁጥራቸው እየመነመነ ይሄዳል።

ለቆላ ዝንብ የማይሆኑ መሳቢያዎች

የቆላ ዝንብ ወንዱም ሴቷም የሚመገቡት ደም ብቻ ነው። ሥጋ፣ የዓሣ ትርፍራፊ፣ ማር ወይም ስኳር ቢቀመጥ የቤት ዝንብንና ጉንዳንን ይስባል እንጂ የቆላ ዝንብን አይስብም። ጉንዳን ደግሞ የተያዙትን ዝንቦች ስለሚበላ ቆጠራውን ያበላሻል። የሚፈለገው የሕያው ከብት ሽታ ነው።

የመሳቢያ ሽታ ዓይነቶች

1. የከብት ሽንት፦ በውስጡ ያሉት ፌኖሎች ዝንቡን ይስባሉ። በየቤቱ ያለ ገንዘብ ስለሚገኝ ለጀማሪ ተመራጭ ነው።
2. አሴቶን፦ በከብት ትንፋሽ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ከሽንት ጋር ሲቀመጥ ውጤቱ ይጨምራል።
3. ኦክተኖል፦ ይህም በከብት ትንፋሽ ውስጥ ያለ ሲሆን፣ በጥቂቱ ተመጥኖ በባለሙያ ይቀርባል።

በኬንያ ንጉሩማን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በማሳይ አርቢዎች ተሳትፎ በተካሄደ ሥራ በከብት ሽንትና በአሴቶን የተጠናከሩ ወጥመዶች የቆላ ዝንብን ቁጥር በከፍተኛ ደረጃ መቀነስ ችለዋል።

በክልላችን በዋናነት የሚታወቁት ሁለት የቆላ ዝንብ ዝርያዎች ናቸው። ግሎሲና ሞርሲታንስ ሰብሞርሲታንስ በደንና በሣር ምድር የሚዘዋወር ሲሆን ሽታን አጥብቆ ይከተላል። ግሎሲና ታኪኖይደስ ግን ወንዝ ዳር የሚኖርና ከሽታ ይልቅ በዓይኑ የሚመራ ነው፤ ለእርሱ የወጥመዱ ሰማያዊ ቀለምና ትክክለኛ ሥፍራ ከመሳቢያው ይበልጣሉ። ስለዚህ መሳቢያ ከመምረጥ በፊት በአካባቢው ያለውን ዝርያ በባለሙያ ማስለየት ይገባል።

የከብት ሽንት አዘገጃጀት

• ጠዋት ላሟ ስትሸና በንጹሕ ዕቃ መቀበል፤ ከእበትና ከአፈር መጠበቅ።
• ክዳን ባለው የፕላስቲክ ጀሪካን ጨምሮ በጥላ ሥር እስከ ሦስት ሳምንት ማቆየት። ሽንቱ ሲቆይ በባክቴሪያ ስለሚብላላ ፌኖሎቹ ይለቀቃሉ፤ ትኩስ ሽንት የመሳብ ኃይሉ አነስተኛ ነው።
• አፉ ሰፋ ባለ ጠርሙስ ወይም ጣሳ ጨምሮ ከወጥመዱ ሥር ማስቀመጥ፤ ሲደርቅ ወይም ዝናብ ሲያቀጥነው መተካት።

አሴቶን የሚቀመጠው ክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ባለው የመስታወት ጠርሙስ ነው፤ ቀዳዳው ከሰፋ በጥቂት ጊዜ ተኖ ያልቃል።

የወጥመድ አተካከል

ወጥመዱ ከብቶች ውኃ በሚጠጡበትና በሚያልፉበት መንገድ፣ በወንዝ ዳር ዛፎች ጠርዝ፣ ከሩቅ በሚታይ ሥፍራ ይተከላል። ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ለቅኝት ሲሆን በወጥመዶች መካከል ከ200 እስከ 250 ሜትር ርቀት ይጠበቃል። ዙሪያው ያለው ሣር ይታጨዳል፤ ጉንዳን እንዳይወጣ እንጨቱ ግራሶ ይቀባል። በበጋ ዝንቡ በወንዝ ዳር ስለሚሰበሰብ ወጥመዱም ወደዚያው መጠጋት አለበት።

ከበረት አጠገብ ወጥመድ መትከል አይገባም። በሽታው የተሳበ ዝንብ ሁሉ ስለማይያዝ ያመለጠው ከብቶቹን ይነድፋል።

ውጤቱን ማረጋገጥ

በየወጥመዱ የተያዘው ዝንብ ተቆጥሮ ይመዘገባል። ለምሳሌ 4 ወጥመዶች በ3 ቀናት 36 ዝንብ ቢይዙ፣ 36 ለ12 ሲካፈል በቀን ለአንድ ወጥመድ 3 ዝንብ ይሆናል። መሳቢያው መሥራቱን ለማወቅ አንዱን ወጥመድ በመሳቢያ፣ ሌላውን ያለ መሳቢያ ማቆምና በየዕለቱ ቦታቸውን ማቀያየር ነው። ቦታ ሳይቀያየር የተገኘ ልዩነት የሥፍራው ይሁን የሽታው አይታወቅም።

ጥንቃቄ

• አሴቶን በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ ከእሳትና ከሲጋራ ይራቅ፤ በሰደድ እሳት ወቅት ዙሪያው ይመንጠር።
• በዴልታሜትሪን የተነከረ ጨርቅ ለልብስም ሆነ ለዕቃ መያዣ አይዋል፤ ዓሣ ስለሚገድል በወንዝ አይታጠብ።
• መሳቢያ ያለበት ጠርሙስ ሕፃናት ከማይደርሱበት ይቀመጥ፤ ለመጠጥ ዕቃነትም አይዋል።

አገልግሎት ለማግኘት

አርቢዎች በመጀመሪያ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይኖርባቸዋል። ሲቀርቡ የከብቶቻቸውን ብዛት፣ የሚሰማሩበትንና የሚጠጡበትን ሥፍራ፣ የታመሙና የሞቱ ከብቶችን ቁጥር እንዲሁም የተሰጣቸውን መድኃኒት ዓይነትና ጊዜ ቢያስረዱ ሥራው ይፋጠናል። የደም ምርመራ የሚያስፈልግ ከሆነ ባለሙያው ናሙናውን በአሶሳ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይልካል።

ዝንብ ከጎረቤት መሬት ስለሚመለስ አንድ አርቢ ብቻውን የሚተክለው ወጥመድ ዘላቂ ውጤት አይኖረውም። በአንድ ወንዝ የሚጠቀሙ አርቢዎች በጋራ ተደራጅተው እንዲያመለክቱ ይመከራል።